ማንቂያው ሲጮህ ሙዚቃው ዝም ይበል

ቅዳሜ ማታ ነው። ክለቡ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዲጄው ድምፁን ለቆታል፤ ጓደኛችሁን ለማናገር እንኳ ጆሮው ሥር መጮህ አለባችሁ። በዚህ መሃል ወጥ ቤት ውስጥ እሳት ተነሳ እንበል። የእሳት ማንቂያው ይጮሃል። ማን ይሰማዋል?

"በጣም የሚጮህ ማንቂያ ይገጠማላ!" የሚል አይጠፋም። አያዋጣም። ኤንኤፍፒኤ 72 የሚባለው የአሜሪካ መመዘኛ፣ የማንቂያው ድምፅ በቦታው ካለው ድምፅ ቢያንስ በ15 ዴሲቤል እንዲበልጥ ይጠይቃል። ጆሮ እንዳይጎዳ ደግሞ ጠቅላላው ድምፅ ከ110 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይገድባል። የክለብ ሙዚቃ 100 ዴሲቤል መድረሱ ብርቅ አይደለም። እስቲ ደምሩት፤ 115 መጣ። ስለዚህ ያለው አማራጭ ሙዚቃውን ማጥፋት ነው።

ሥራው የሚከብድ አይደለም። ከማንቂያው መቆጣጠሪያ ሳጥን ሪሌይ በሚባል መቀያየሪያ በኩል ሽቦ ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው ይዘረጋል። ማንቂያው ሲነሳ ሙዚቃው በራሱ ይቆረጣል፤ ዲጄው ልብ አለ አላለ ለውጥ የለውም። በደንብ ከተሠራ ደግሞ ሽቦው ቢበጠስ ሙዚቃው ይጠፋል፤ ብልሽቱም ሳይደበቅ ይታወቃል። የ"ውጡ" መልእክቱ የሚተላለፈው በዚያው ስፒከር ከሆነ ግን የሚቆረጠው ሙዚቃው ብቻ ነው፤ ስፒከሩ አይነካም።

ነገሩ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮድ አይላንድ "ዘ ስቴሽን" በተባለ የምሽት ክለብ የመድረክ ርችት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞቷል። መጀመሪያ ላይ እሳቱ የትርኢቱ አካል የመሰላቸው ነበሩ። አዳራሹ በጭስና በሙቀት ለመተንፈስ የማይቻል የሆነው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነው። እዚያ ብዙውን ሰው የፈጀው ስፖንጁና የበሩ መጨናነቅ ነው። ትምህርቱ ግን ለሁሉም ይሠራል፦ ሰው አደጋውን ዘግይቶ ባወቀ ቁጥር በሩ ይጠበዋል።

የእኛም ክለቦች፣ የሠርግና የኮንሰርት አዳራሾች ይህን ሽቦ ይዘርጉ። ተቆጣጣሪዎችም ማንቂያውን ጠዋት በባዶ አዳራሽ ሞክረው ፈርመው አይሂዱ። ሙዚቃው እስከ ጣሪያው ተለቆ ይሞከር። ካልተቆረጠ አላለፈም።

እናንተስ? ስትገቡ ሁለተኛውን መውጫ እዩ። ሙዚቃው ድንገት ጠፍቶ ማንቂያ ከሰማችሁ ስልካችሁን ለቪዲዮ አታውጡ፤ ውጡ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 የሚደወለው ደጅ ከደረሳችሁ በኋላ ነው።