አጃቢ ገጸ ባሕርያት በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ

ከቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል ተጫዋቹ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ታሪኩን ራሱ የሚመራባቸው ይገኛሉ። በእነዚህ ጨዋታዎች ጀግናው ብቻውን አይጓዝም፤ አጃቢዎች ይከተሉታል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ አጃቢዎች ሰይፍ ከመምዘዝና ጥቂት ቃላት ከመደጋገም በቀር ሕይወት የላቸውም። ይህም ታላቅ ጉድለት ነው።

ለዚህ «ባልዱርስ ጌት» የተባለው ጨዋታ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ባዮዌር የተባለው የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የመጀመሪያውን ክፍል ሲያዘጋጅ 25 አጃቢዎችን አሰልፎ ነበር። አብዛኞቹ ከጀግናው ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ እምብዛም አይናገሩም፤ ስለዚህ አንዱ ቢሞት ተጫዋቹ የሚያዝነው ለሰውየው ሳይሆን ለጎደለው ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ግን የአጃቢዎቹ ቁጥር ወደ 16 ዝቅ ብሎ ለአብዛኞቹ የየራሳቸው ታሪክና ጭንቀት ተሰጣቸው። ለምሳሌ ኬልዶርን የተባለው አዛውንት ተዋጊ በግዳጁ ተጠምዶ ሚስቱንና ልጆቹን ችላ ብሏል፤ ተጫዋቹም በትዳሩ ጉዳይ ይመክረዋል።

«ንግግር መጻፍ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ተጫዋቹም የሚሻው ፍልሚያ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ወጪው እርግጥ ነው። ነገር ግን መፍትሔው አጃቢዎችን ማብዛት ሳይሆን ጥቂቶቹን አሟልቶ መሳል ነው። ጀግና የሚመዘነው በጣለው ጠላት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የቆመውን ሰው በያዘበት አኳኋንም ጭምር ነው። አጃቢው ሰው ሆኖ ካልተሳለ ግን ይህ ሚዛን ከቶ ሊኖር አይችልም።