«ዝንጀሮ» የሚለው ቃል ያበላሸብን ትምህርት

የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ሲነሳ ብዙዎቻችን አንገታችንን የምንደፋው በሃይማኖት ምክንያት ብቻ አይደለም። «ዝንጀሮ» የሚለው ቃል በመንገድ፣ በኳስ ሜዳ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ለስድብ ሲወረወርብን ሰምተናል። ስለዚህ መምህሩ የሰውንና የቺምፓንዚን ሥዕል ጎን ለጎን ሲያሳይ፣ ማን ወደ እኛ ዞሮ እንደሚያይ ነው የምንጠብቀው። ቤት ስንገባ ደግሞ ወላጆቻችን «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ብለው ነው የሚያስተምሯችሁ?» ይሉናል። እኛም ለፈተና ሸምድደን፣ ከፈተና በኋላ ረስተን ዝም እንላለን። ይህ ዝምታ ይብቃን።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በጎንደርና በሰሜን ያደጉ ወላጆቻችን ዝንጀሮን፣ ጭላዳን፣ ጦጣንና ጉሬዛን ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ፤ እህል ሲጠብቁ በወንጭፍ ያባረሩት እነሱ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ጭራ አላቸው። ሳይንሱ የቅርብ ዘመዶቻችን የሚላቸው ግን ጭራ የሌላቸው ቺምፓንዚ፣ ቦኖቦና ጎሪላ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይኖሩ አማርኛም የራሱን ስም አላወጣላቸውም። ደግሞም ሰው ከቺምፓንዚ ተወለደ የሚል ባዮሎጂስት የለም። የሚባለው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ፣ ዛሬ የሌለ የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው። የአጎት ልጅ አያት አይደለም።

ማስረጃ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር፣ ሐዳር የተገኘችውን የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን ነው። በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፤ አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም ነበር። እኛን ይበልጥ ያሳመነን ግን የክሮሞዞም ቆጠራ ነው። ሰው 46 ክሮሞዞም አለው፤ ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 48። አያታችን አንድ ከሆነ ሁለቱ የት ገቡ? ያን ያህል ጂን ጠፍቶበት የሚተርፍ ፍጥረት የለም፤ ስለዚህ ሁለት ክሮሞዞሞች ተጋጥመው አንድ ሆነው መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የስፌቱ ምልክት መታየት ነበረበት። ታየም። የክሮሞዞም ጫፍ ላይ ብቻ መገኘት ያለበት፣ ቴሎሜር የሚባለው ተደጋጋሚ ጽሑፍ፣ በሰው 2ኛ ክሮሞዞም ውስጥ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥሞ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ። የከሰመ ሁለተኛ ሴንትሮሜር ቅሪትም አለ። ምልክቱ ባይገኝ ኖሮ ሐሳቡ ትልቅ ችግር ላይ ይወድቅ ነበር።

ሌላውን ለወላጆቻችን በብራና ምሳሌ ብንነግራቸው ይገባቸዋል። ሁለት ብራናዎች በአንድ መስመር ላይ አንድ ዓይነት የአጻጻፍ ስህተት ካላቸው፣ ሁለቱም ከአንድ እናት ብራና እንደተገለበጡ ቁም ጸሐፊ ወዲያው ያውቃል። ቫይታሚን ሲ የሚሠራው ጂን በእኛም በቺምፓንዚም የተሰበረ ነው፤ ከስብራቶቹም ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ጊኒ ፒግም ቫይታሚን ሲ መሥራት አይችልም፤ የእሱ ጂን የተበላሸው ግን በሌላ መልክ ነው።

አሁን ወደ ስድቡ እንመለስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ የአውሮፓና የአሜሪካ ምሁራን የሰውን ዘር እንደ መሰላል ደርድረው ጥቁሩን ወደ ጎሪላ አስጠግተው ነበር። ሰዳቢው ሳያውቀው የሚደግመው ያንን ነው። ዛሬ የምንኖር ሰዎች ሁሉ የተገናኘንባቸው አያቶች የኖሩት ከቺምፓንዚ መስመር ከተለየን ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም ከቺምፓንዚ ያላቸው ርቀት እኩል ነው። ይህን መልስ የሚሰጠን ራሱ የምንሸሸው ትምህርት ነው።

ኦሪትን ይዞ ይህን መማር አይቻልም የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። የዚህ ሀገር የመጀመሪያው የአሽከናዚ ዋና ረቢ ራቭ አብርሃም ይስሐቅ ኩክ እንኳ የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ ከቶራ ጋር የግድ አይጋጭም ብለው ጽፈዋል። ሁሉም ቄስ ወይም ሁሉም ረቢ ይስማማል ማለታችን አይደለም፤ ክርክሩ ግን በእኛም ቤት፣ በእኛም ቋንቋ ይደረግ።

ለዚህም ማኅበራችን በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ምሽት በአማርኛ እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። ቄሶችና ወላጆች ይጋበዙ፤ የባዮሎጂ ተማሪዎቻችን የ2ኛውን ክሮሞዞም ሥዕል ይዘው ይምጡ። ጭላዳ በወንጭፍ ያባረረ አባት ካለ፣ ውይይቱን እሱ ይክፈትልን።