በራዱን ከእሳት አውርዱት
በወላይታዋ ቤሌ ከተማ በየሻይ ቤቱ ጠዋት የተጣደ በራድ እስከ ቀትር ሲንተከተክ ይቆያል፤ ሲጎድል ውሃ፣ ሲቀጥን ቅጠል ይደረብበታል። ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር ይከመርበትና ጥፋቱ «ርካሽ ሻይ ነው» ተብሎ ለቅጠሉ ይሰጣል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ ጥፋቱ የአፈላላችን ነው። የአገራችን ሻይ በአብዛኛው ከኦሞ ወንዝ ማዶ፣ ከዳውሮ አልፎ፣ ከፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ ካለው ውሽውሽ፣ ወይም ጎሬ አካባቢ ካለው ጉማሮ የሚለቀም ነው። ተጨፍልቆና ተቆራርጦ እንደ ደቃቅ ፍሬ የተጠቀለለ በመሆኑ ቀለሙንም ጉልበቱንም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ምላስ የሚይዝ ምሬት ብቻ ነው። ምናልባት ልማዱን ያመጣነው ከቡና ቅጠል ይሆናል፤ ወላይታ በዝንጅብል፣ በሚጥሚጣና በጨው የሚያፈላው ያ መጠጥ ረጅም እሳት ይችላል፤ ሻይ ግን አይችልም። ስለዚህ ውሃው ፍልቅልቅ ሲል አውርዱት፤ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ቅጠል ጨምሩ፤ ክዳኑን ግጠሙ፤ ቀላ ሲል አጥልሉት። ቀረፋና ቅርንፉድ የሚወድ ቀድሞ ከውሃው ጋር ያፍላቸው (ቅርንፉድ ሲበዛ ግን ለእኔ የጥርስ ሐኪም ክፍል ይሸተኛል)። ከዚያ የመጀመሪያውን ጉንጭ ያለ ስኳር ቅመሱት፤ ደማቅ፣ ምላስን ነቃ የሚያደርግ፣ መጨረሻው ላይ ለስለስ የሚል ሻይ ታገኛላችሁ። የሻይ ቤት ባለቤቶችም ትልቁን በራድ ትታችሁ በትንሹ ቶሎ ቶሎ አፍሉልን፤ ቀኑን ሙሉ የምትደርቡት ቅጠል ለዚህ ይበቃል።