አሮጌ መኪና ምን ያስተምረናል?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። «አሮጌ መኪና ለቆራሌው ካልሆነ ለማን ይረባል?» ያሉ ጓደኞች አሉ። እኛ ደግሞ ኧረ ለመምህር ይረባል እንላለን።

በስዊዘርላንድ፣ ሌ ሎክል ከተማ፣ አሲዬራ የተባለ ፋብሪካ ይሠራው የነበረውን ኤፍ 1 የተሰኘ ትንሽ ፍሬዛ እንውሰድ። ፍሬዛ በሚሽከረከር ባለ ጥርስ መቁረጫ ብረት የሚፈለፍል መኪና ነው። ይህኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ብረቱን ወደ መቁረጫው የሚያስጠጋው የሠራተኛው እጅ ነው። ሰዓት ሠሪዎች ለጥቃቅን ሥራ ይገለገሉበታል።

በእንዲህ ያለ መኪና የሰዓት ጎማ ጥርስ ማውጣት ሒሳብ ነው። ቀዳዳዎች በክብ የተደረደሩበት ሳህን አለ። ቀዳዳዎቹ 60 ቢሆኑና 12 ጥርስ ቢፈለግ፣ በየ5 ቀዳዳው እያዞሩ መቁረጥ ነው። አንዲት ቀዳዳ ቢስቱ መኪናው አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ይቆርጣል። ጉዱ የሚወጣው ዞሮ መጀመሪያው ዘንድ ሲደርስ ነው፤ የመጨረሻዋ ጥርስ ከጓደኞቿ ጋር አትተካከልም። ጎማውም ይጣላል።

በኮምፒዩተር የሚታዘዘውን መኪና አንንቅም፤ ሺውን ጎማ አንድ ዓይነት አድርጎ ያወጣል። ነገር ግን ቁልፍ ብቻ የተጫነ ተማሪ ጥርሱ ለምን እንደተስተካከለ አያይም።

ይህን የተረዱ ሰዎች አሉ። ሮበርት ግሩቤል፣ ስቲቨን ፎርሲና ፊሊፕ ዱፉር የተባሉ ሰዓት ሠሪዎች፣ በፓሪስ የሰዓት ሥራ መምህር የነበሩትን ሚሼል ቡላንዤን በእጅ በሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎች ሙሉ ሰዓት መሥራት አስተማሯቸው። ዓላማው ሙያው ከአዛውንቶቹ ጋር እንዳይቀበር ነበር። ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በጨረታ ከ1 ሚሊዮን 400 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጠ። እኛን የገረመን ግን ዋጋው አይደለም፤ መምህሩ እንደገና ተማሪ ሆነው መቀመጣቸው ነው።

እኛስ? የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ «ለፈተና አይመጣም» እያልን የምንቀልድ ስንት ነን? ነገ ገጠር ስንመደብ ፍሬዛ አናገኝም። ካርቶን ግን አይጠፋም። ክብ ቆርጠን፣ 60 ነጥብ አድርገን፣ ልጆቹ በ12ና በ15 ሲያካፍሉ በጣታቸው እንዲቆጥሩ ማድረግ እንችላለን። መምህሮቻችንም ተቆልፎ የሚውለውን የእጅ ሥራ ክፍል ይክፈቱልን።

በ1ኛ ክፍል የሳትነው ቀዳዳ በ6ኛ ክፍል ይታያል። የተበላሸ ጎማ በሌላ ይተካል፤ ልጅ ግን አይተካም።