ሂለሯን ከመስደባችሁ በፊት

«አምስት ነን። አራታችን የአንድ ሰፈር ልጆች ስንሆን አምስተኛው ለሥራ ዱባይ የሄደ ጓደኛችን ነው። ማታ ማታ ‹ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ› ላይ እንገናኛለን። እሱ ታንክ ነው፣ እኔ ሂለር። አንድ ጠላት ሲሆን ችግር የለም። አራት ባንዴ ሲመጡብን ግን መጀመሪያ እኔ እሞታለሁ፣ ከዚያ ሁላችንም እናልቃለን። ስድቡ ደግሞ ለእኔ ነው፤ ‹ተኝተሽ ነው እንዴ?› ይሉኛል። ልተወው አልኩ። ግን እኔ ከቀረሁ ቡድኑ ይፈርሳል፤ ከዱባዩ ልጅ ጋር የምናወራበት ሌላ ሰዓት የለንም። ምን ትመክሩኛላችሁ? የሰለቻት ሂለር ነኝ።»

እህቴ፣ ኧረ አትተይው። ነገሩን የነገረኝ «መጀመሪያ እኔ እሞታለሁ» ያልሽው ነው። ሂለር ቀድማ ከሞተች የተኛው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ፣ ያ የድሮው መልኩ በ2019 «ክላሲክ» ተብሎ እንደገና የተከፈተ ነው። ዋሻ የሚገባው አምስት ሰው ነው። ታንክ የሚባለው ጥሩር ለብሶ ዱላውን የሚቀበለው ነው። ሂለር የቆሰለውን ታድናለች። ሦስቱ አጥቂዎች ናቸው። ጠላቱ ደግሞ ደስ ያለውን ሰው አይመታም፤ ቂም ይይዛል፣ ቂሙም በቁጥር ነው። የመታውን ይመዘግባል። ጉዱ ግን የሚያድነውንም መመዝገቡ ነው! ሂለሯ 1000 ነጥብ ጤና ብትመልስ ባብዛኛው 500 የቂም ነጥብ ይያዝባታል፤ ይህም በውጊያው ላሉት ጠላቶች ይከፋፈላል። አራት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 125 ይደርሳቸዋል።

እንግዲህ ታንኩ አንዱን ብቻ እየደበደበ ሦስቱን ከረሳቸው፣ የሦስቱ መዝገብ ላይ ያለው የማን ስም ነው? ያንቺ ነዋ! ቀጥ ብለው ይመጡብሻል። ስለዚህ ታንኩ አራቱንም መንካትና እየተዘዋወረ መምታት አለበት። አጥቂዎቹም ጥቂት ሴኮንድ ይታገሱ። የታንኩን ቂም በቅርብ የሚመታ በ110 በመቶ፣ ከሩቅ የሚወረውር በ130 በመቶ ካለፈ ጠላቱ ይዞርበታል። አንቺም ሲመጡብሽ ወደ ኋላ አትሩጪ። ነፍስ «ሽሽ» ትላለች፣ አውቃለሁ፤ ግን ወደ ታንኩ ሩጪ፣ እሱ እጅ ላይ አምጥተሽ ጣያቸው።

አሁን ወደ ሦስቱ ጀግኖች ልምጣ። ሁሉም የየራሱን ጠላት መርጦ እንደሚቀጠቅጥ ሳትነግሪኝ አውቄዋለሁ። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ተባብራችሁ አንዱን ጠላት በ10 ሴኮንድ ትጥላላችሁ እንበል። አንድ ባንድ ካስወገዳችኋቸው፣ በመጀመሪያው 10 ሴኮንድ አራቱ ይመታሉ፣ ቀጥሎ ሦስቱ፣ ከዚያ ሁለቱ፣ ከዚያ አንዱ። 40 እና 30 እና 20 እና 10፤ ታንኩ የሚቀበለው የ100 ሴኮንድ ዱላ ነው። ጉልበታችሁን ለአራቱ እኩል ከበተናችሁት ግን አራቱም እስከ 40ኛው ሴኮንድ ቆመው ይመታሉ፤ 160 ይሆናል። ያ ትርፍ 60 ከየት ይከፈላል? ከሂለሯ ማና፣ ማለትም ከማዳኛ ኃይሏ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እኮ አንበሳው አንድ ሲሆን ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከ2006 ጀምሮ በጠላት አናት ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል። በተጫዋቾች ልማድ የራስ ቅል የተደረገበት ቀድሞ ይሞታል፣ የኤክስ ምልክት ያለበት ይከተላል፣ ጨረቃ ያለበት በግ ይሆናል። አዎ፣ በግ! አስማተኛው አንዱን በግ ካደረገው ያ 100 ወደ 70 ይወርዳል። ታዲያ በጉን ማንም አይንካው፤ አንዴ ከተመታ ወዲያው ወደ ራሱ ይመለሳል። በግ ሆኖ ሳለ ቁስሉ ቶሎ ስለሚድን የቆሰለውን በግ ማድረግም ከንቱ ነው። በሁሉም ላይ በረዶ የሚያዘንብ አራዳ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ምከሩት። ከሩቅ የሚያስወነጭፉ ጠላቶች ካሉ ታንኩ አንዴ ነክቷቸው ሁላችሁም ከግድግዳ ጀርባ ተደበቁ፤ ስለማታዩዋቸው፣ እነሱም ስለማያዩአችሁ፣ በእግራቸው ይመጣሉ።

ለተሳዳቢዎቹ መልስ አለሽ። ጨዋታው ማን ማንን እንደመታ በጽሑፍ ይመዘግባል። ካለቃችሁ በኋላ እሱን ክፈቺና አንብቢላቸው።

የዱባዩን ልጅ ግን በመዝገብ አትሞግቺው፤ በሌሎቹ ፊትም አትናገሪው። ሰው አገር ሲሠራ ውሎ ለእናንተ ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ቅዳሜ ከመግባታችሁ በፊት ለብቻው ደውይለት። «አራቱንም አንድ አንድ ጊዜ ንካልኝ፤ እስክትነካቸው ድረስ እኔ ማዳን አልጀምርም» በይው። ሦስት አራት ሴኮንድ ያለ ሂለር መቆም ለታንክ ምንም አይደለም።