ዘንገና በክረምት፤ የጉዞው ዝርዝር ከማን ይጀምር?

ልጄ የምትኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ኔቫዳ የሚባለው የአሜሪካ ግዛት አብዛኛው በረሃ ነው፤ በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። እንዲያም ሆኖ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ልጆቿን መኪና ላይ ትጭንና፣ ጎብኚ የማይበዛባቸውን ቦታዎች ስታሳያቸው ትከርማለች። ባለፈው ወር ደውላ፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ በሐምሌ እንመጣለን። አባባን ይዘን አገሩን እናያለን፤ ዝርዝሩን ልኬልሻለሁ» አለችኝ።

ከፍቼ አነበብኩት። በ3 ቀን ውስጥ ዘንገና ሐይቅ፣ ጥርባ ሐይቅ፣ የዶንዶርና የፋንግ ፏፏቴዎች፣ ግሽ ዓባይ፣ በመጨረሻም ባሕር ዳር። መቼም ልጅቷ ቤት ሥራዋን በደንብ ሠርታለች። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ አዊን በመስኮት እያየ ወደ ጣናና ወደ ጢስ ዓባይ ያልፋል። ዘንገና ግን ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ፣ እንጅባራ ከመግባታችን በፊት፣ በደን ተከቦ የተቀመጠ ክብ ሐይቅ ነው። ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው እዚያው ባንጃ ነው፤ በልጅነቱ በዙሪያው ከብት ጠብቋል።

«በጥር ብትመጡ አይሻልም?» አልኳት። በጥር መንገዱ ይደርቃል፤ ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ባለቤቴ ስለ ፈረሶቹ ሲያወራ ቡናው ይቀዘቅዛል። ልጄ ግን፣ «በጥር ትምህርት አላቸው እማዬ» አለች። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን ያኔ አሰብኩት። እነሱ ከውሃ እጦት የሚጠነቀቁበት ወር፣ እኛ ከውሃ ብዛት የምንጠነቀቅበት ወር ነው።

ለመጪው ዓመት ይቆይ ልላት አስቤ ነበር። ያልኩት ነገር የለም፤ ምክንያቱ የባለቤቴ ዓይን ነው። የስኳር ሕመም ከያዘው 17 ዓመቱ ነው። ጋዜጣ ሲያነብ ወደ መስኮት እየተጠጋ፣ «መብራቱ ደክሟል» ሲል ከርሞ፣ ለካ የደከመው ዓይኑ ኖሯል። ነርስ ሆኜ 34 ዓመት አገልግዬ፣ ቤቴ ውስጥ ያለውን ሳላይ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስኳር የዓይንን ደም ሥሮች ሲጎዳ መጀመሪያ ላይ ሕመምም ምልክትም የለውም። ስኳር ያለበት ሰው «አጥርቼ አያለሁ» ቢልም በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑን መመርመር ያለበት ለዚህ ነው። አሁን ክትትል ላይ ነው፤ የጠፋውን ግን መመለስ ይከብዳል። እሱም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ዘንገናን ቆሜ አሳያቸዋለሁ እንጂ በወሬ አልነግራቸውም።»

ስለዚህ በሐምሌ እንሄዳለን። ዝርዝሩን ግን እንደገና ጻፍኩት። የልጄ ዝርዝር የሚጀምረው ከቦታዎቹ ነበር፤ የእኔ የሚጀምረው መኪናው ውስጥ ካሉት ሰዎች፣ ከእነሱም ከደካማው ነው። አንድ የ68 ዓመት የስኳር ታማሚ፣ የ9 ዓመት ልጅ፣ የ5 ዓመት ልጅ። ጉዞው በእነሱ አቅም ይለካል።

ከሁሉ በፊት የመንገዱ ሰላም አለ። በመነሻችን ዋዜማም ሆነ በማለዳው እዚያ ላሉት ዘመዶቻችን እንደውላለን። «አትምጡ» ካሉን አንሄድም፤ ክርክር የለም። ያን ጊዜ ልጆቹን ቢሾፍቱ ወስደን፣ እነዚያም እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ሐይቆች መሆናቸውን እናሳያቸዋለን። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ፣ «ቢሾፍቱ መቼ ዘንገና ሆነና!» ብሎ አኩርፏል። ቢያኮርፍም ዝርዝሩ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛው ርቀቱ ነው። ከአዲስ አበባ እንጅባራ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ልጄ እዚያ ቀጥ ባለ ጎዳና የለመደችው ስለሆነ በአንድ ቀን ልትጨርሰው አስባለች። እኛ ግን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ደብረ ማርቆስ እናድራለን። በየሁለት ሰዓቱ ወርደን እግራችንን እናፍታታለን፤ ረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ያሳብጣል፣ ለደም መርጋትም ያጋልጣል። የዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ጠመዝማዛው ልጆችን ያስመልሳል፤ ከጎሃ ጽዮን በፊት ቀለል ያለ ነገር ይቅመሱ፣ ስልክ አይዩ፣ ዓይናቸው ወደ ፊት መንገዱን ይመልከት።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ኢንሱሊኑ በእጅ ቦርሳዬ ከእኔ ጋር ይሆናል፤ ፖርቶመጋላ ላይ ከሻንጣ ጋር አይታሰርም፣ ዳሽቦርድ ላይም አይቀመጥም። ቁልቁል ስንወርድ ስለሚሞቅ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አኖረዋለሁ። በረዶ ግን አይነካውም፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል እንጂ አይወጋም። ለጉዞው ከሚያስፈልገው እጥፍ እንይዛለን። የምሳ ሰዓት ቢያልፍና ባለቤቴ ላብ ላብ ቢለው፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ ወይም ያለ ነገሩ ቢቆጣ፣ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ከዚያም ምግብ መስጠት ነው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። ለልጆቹ ተቅማጥ ደግሞ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንይዛለን። የ1 ሊትሩ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ልጆቹ አፍሪካ ሁሉ ሙቀት መስሏቸው ቁምጣ ሸክፈዋል። እንጅባራ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐምሌ ዝናቧና ብርዷ አጥንት ይገባል። ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ቦቲ ጫማ ታዟል። ከፍታውን እስኪለምዱም መጀመሪያ ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ያርፋሉ።

የመጨረሻው ራሱ ሐይቁ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ የዋና ትምህርት ወስዷል። በስልክ፣ «አያቴ፣ ጥልቀቱ የት ጋ ነው የተጻፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። እነሱ ጋ በመዋኛ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጥር አለ። ዘንገና ላይ ማን ይጽፋል? የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆነ ዳሩ ቀስ እያለ አይደለም የሚጠልቀው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። በክረምት ደግሞ ዳሩ ጭቃ ነው። ስለዚህ ማንም አይዋኝም። አንድ አዋቂ ልጆቹን ብቻ ይጠብቃል፤ ያ ሰው ፎቶ አያነሳም፣ ስልክ አያወራም፣ ከልጆቹ ከአንድ ክንድ በላይ አይርቅም። ያንን ሥራ እኔ ወስጃለሁ።

ሰው ቢሰምጥ ዘሎ መግባት ሁለተኛ ለቅሶ ማምጣት ነው፤ ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ነጠላ ይወርወርለት። ከወጣም በኋላ፣ በሥራዬ ዘመን ደጋግሜ እንዳየሁት፣ በእግሩ ዘቅዝቆ ውሃ ለማፍሰስ መሞከር ጊዜ ማጥፋት ነው። መተንፈሱን ማየት፣ የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያውኑ በአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ያድነዋል።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ከልጄ ዝርዝር የተረፈው ዘንገናና አንድ ፏፏቴ ነው። ፏፏቴውም ዘመዶቻችን መንገዱ ያስኬዳል ካሉን ብቻ። በክረምት ፏፏቴ ሞልቶ ያምራል፤ የእግር መንገዱ ግን ያንሸራትታል፣ የባለቤቴ ዓይን ደግሞ ድንጋዩን አይለይም። ልጄ መጀመሪያ ቅር አላት፦ «እማዬ፣ ይህን ያህል መንገድ መጥተን ለአንድ ሐይቅ?»

«አዎ፣ ለአንድ ሐይቅ» አልኳት። «ሌላውን ልጆችሽ አድገው ራሳቸው ያዩታል። አባትሽ ከብት ይጠብቅበት የነበረውን ቦታ በጣቱ እየጠቆመ የሚያሳያቸው ግን ዘንድሮ ነው።» ትንሽ ዝም አለችና፣ «እሺ፣ ደብረ ማርቆስ የምናድርበትን አንቺ ፈልጊ» አለችኝ።

እናንተም በዚህ ክረምት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሱና ከቦታዎቹ በፊት የሰዎቹን ስም ጻፉ። ከየስሙ ጎን መድኃኒቱን፣ የሚበላበትን ሰዓት፣ ምን ያህል መራመድ እንደሚችል አስፍሩ። ስኳር ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩት። እኔ ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።

ቸር ሰንብቱ።