“ተሳልኩ፣ አለቀስኩ... አባቴ ግን ሞተ”

እዚህ አምድ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጫወተው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ጓደኝነት ነው። የዛሬው ደብዳቤ ግን ከዚያ ወጣ ያለ ነው። የላከችልን እህት ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች አላወጣነውም። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

ጥያቄ፡-

“የ21 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ምዕራብ ጎጃም፣ ጅጋ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። ዳዊት ደጋሚም ነበር፤ ጠዋት ዳዊቱን ሳይደግም እህል አይቀምስም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሰንበት ተማሪ ነበርኩ። በ2015 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ ሲመጣ ትምህርት ቆመ፤ መንገዱም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ከረመ። በ2016 ዓ.ም አባቴ ታመመ። ከጅጋ ፍኖተ ሰላም እኮ ሩቅ አይደለም፤ ግን ተኩስ ስለነበረ የሚያደርሰን መኪና ጠፋ። ሦስት ቀን ቤት ተኛ። ለሚካኤል ጃንጥላ ተሳልኩ። እህል ውሃ ሳልቀምስ ዋልኩ፤ አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን ሞተ።

አሁን አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ሆኜ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መጸለይ አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ደረቴን ይጨንቀኛል። ‘እውነት አለ? ካለስ ለምን ዝም አለ?’ ይለኛል ውስጤ። ለአክስቴ ብነግራት ‘በሙሉ እምነት ስላልለመንሽ ነው፤ አሁንም እንዲህ የሚያናግርሽ ሰይጣን ነው’ አለችኝ። እናቴ በስልክ ‘ቅዳሴ ሄድሽ ወይ?’ ትለኛለች። ‘አዎ’ እላታለሁ። ውሸቴን ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ልተወው እላለሁ፤ ግን ልተወው ስል አባቴን ሁለተኛ የምቀብረው ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?”

መልስ፡-

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ቄስም ሰባኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ አባትሽ ለምን እንደሞተ ላስረዳሽ አልሞክርም። ምናልባት እስካሁን የጎዳሽ የሚያስረዳ ሰው መብዛቱ ይሆናል።

ከአክስትሽ ቃል ልጀምር። ‘በሙሉ እምነት ስላልለመንሽ ነው’ የሚለው ነገር ከሐዘንሽ ላይ ጥፋተኝነት ጨምሮብሻል። አባትሽን አንቺ የገደልሽው እስኪመስልሽ ድረስ ማለት ነው። ይህን ሸክም ዛሬውኑ አውርጂው። እስቲ ያንቺኑ አገር ነገር እናንሳ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረው ነበር። ቀኑ እሁድ ነበር፤ ለዚያውም በጾመ ፍልሰታ ውስጥ። ያን ሰሞን ስንቱ ሲጾም፣ ስንቱ ሲያስቀድስ ነበር! ታዲያ የሞቱት እምነት ጎድሏቸው ነው ልንል ነው? ኧረ በፍጹም!

አቡነ ቴዎፍሎስንም አስቢያቸው። ከእናንተ ብዙም በማይርቀው ደብረ ኤልያስ ነው የተወለዱት፤ የኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ ነበሩ። ደርግ በ1968 ዓ.ም ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም ተገደሉ። አፅማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያው በ1971 ዓ.ም ክረምት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገድለዋል። እሳቸው ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ‘ሕዝቤን ጥዬ አልሄድም’ ብለው የቀሩ ሰው ናቸው። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት፤ ሁለቱም የጸሎት ሰዎች። እነሱም ከመገደል አልዳኑም። እምነት ሰውን ከሞት የሚያስጥል ዋስትና ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ እነሱን ባስጣለ ነበር። ስለዚህ የአባትሽ ሞት የጸሎትሽ ውጤት አይደለም። እምነት ዕቁብ አይደለም፤ ከፍለሽ ከፍለሽ ዕጣ አይወጣልሽም።

ጃንጥላውንም ልብሽ እያሰበው ከሆነ፣ ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው፤ ዕዳ አለብኝ ብለሽ አትጨነቂ።

አሁን ወደ ጥርጣሬው እንምጣ። መጠራጠርና መካድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የካደ ሰው ትቶት ሄዷል፤ ከእንግዲህ አይጨነቅበትም። አንቺ ግን ሌሊት እየተገላበጥሽ ‘ለምን ዝም አለ?’ ትያለሽ። ያ ጥያቄ ያጎደለው ነገር ቢኖር እርጋታ ነው እንጂ እምነት አይመስለኝም።

ደግሞም አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። መጥምቁ ዮሐንስ ክርስቶስን በእጁ ያጠመቀ ሰው ነው። ወህኒ ሲወርድ ግን ‘የምንጠብቀው አንተ ነህ ወይስ ሌላ አለ?’ ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ልኮ አስጠየቀ። ጌታ ሰይጣን ነው የሚያናግርህ አላለውም። መልእክተኞቹ እንደሄዱ ሕዝቡ ፊት አመሰገነው እንጂ! ቶማስም ካልዳሰስኩ አላምንም ብሎ ቤተ ክርስቲያን አላባረረችውም፤ በየዓመቱ በዳግማ ትንሣኤ ታስበዋለች። ኢዮብንም ተመልከቺ። ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ‘በኃጢአትህ ነው’ ማለት ሲጀምሩ ነው የተበላሸው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው፤ በጠያቂው በኢዮብ ላይ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አባትሽ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ ብለሽኛል። ዳዊት ለሰባቱ ቀናት ተከፍሎ እንደሚደገም ታውቂያለሽ። 87ኛውን መዝሙር (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 88ኛው ነው) አውጥተሽ አንብቢው። ብዙዎቹ የለቅሶ መዝሙሮች በለቅሶ ጀምረው በምስጋና ሲያልቁ ይህኛው ግን በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ነው የሚያልቀው። ፊትህን ለምን ሰወርክብኝ እያለ የሚጮህ ሰው ጸሎት ነው። አባትሽ ይህን በየሳምንቱ በአፋቸው ብለውታል ማለት ነው! አንቺ ክህደት መስሎሽ የደበቅሽውን ጥያቄ እሳቸው ጸሎት አድርገውት ኖረዋል። ስለዚህ ስትጠይቂ ከአባትሽ እየራቅሽ አይደለም።

እንግዲህ ምን ታደርጊ?

አንደኛ፣ በሐዘን ላይ ሆነሽ ትልቅ ውሳኔ አትወስኚ። ‘ጭራሽ ልተወው’ የሚለውንም፣ አንዱ ጎትቶሽ ‘እዚህ ተአምር አለ፣ ገንዘብሽን አምጪ’ የሚልሽንም አቆይው። የተሰበረ እግር ላይ ሩጫ የለም።

ሁለተኛ፣ እንቅልፍሽንና ምግብሽን ተመልከቺ። ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ‘ግደለኝ’ ሲል መልአኩ መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰለሽ? እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ደረትሽን መጨነቁ ከበረታ ወይም መኖር ካስጠላሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በአቅራቢያሽ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነው። ጠበልና ሐኪም አይጣሉም።

ሦስተኛ፣ ትንሿን ነገር አትተያት። መግባት ካቃተሽ ከሥራ ስትመለሺ ደጁን ተሳልመሽ እለፊ። ቃል ካጣሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። በጎጃም የቅኔ ቤቶች የቆሎ ተማሪው ቅኔው አልመጣ ያለው ቀን ደበሎውን ጠቅልሎ አገሩ አይገባም፤ ውሻ እየጮኸበት ቁራሹን ለምኖ ወደ መምህሩ ደጅ ይመለሳል። ያልመጣው ነገ ይመጣል ብሎ ነው።

አራተኛ፣ ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት። ‘እማዬ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ መጸለይ አቅቶኛል፤ ለእኔ አንቺ ጸልዪልኝ’ በያት። ምናልባት እሷም ብቻዋን ሌሊት እንደዚያው ትላለች። አራት ሰዎች ሽባውን ጓደኛቸውን ጣሪያ ቀደው እፊቱ ሲያወርዱት ጌታ ያየው የእነሱን እምነት ነው ይላል ወንጌል። አንዳንድ ጊዜ ሰው በሌላው እምነት ተሸክመውት ያልፋል፤ ይህ ነውር የለበትም። የንስሐ አባትሽንም አነጋግሪ። ሳያዳምጥ የሚገሥጽ ካጋጠመሽ ሌላ የሚያዳምጥ ፈልጊ።

እርስዎም አክስቷ ይህን ካነበቡ፣ እባክዎ ለልጅቷ ስብከቱን ለጊዜው ይተዉላትና ቡና አፍልተው ስለ አባቷ ያጫውቷት። ሲያርስ፣ ሲቆጣ፣ ሲስቅ፣ ዳዊቱን ሲደግም ምን ይመስል እንደነበር። ስታለቅስም አይከልክሏት።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ቶሎ መልስ ያገኛል ብዬ አልዋሽሽም። ግን ጥያቄውን ይዘሽ ደጁ ላይ መቆም ትችያለሽ፤ ከአንቺ በፊት ብዙ ሰው ቆሞበታል። ከርመሽ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልን።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እንገናኛለን። ቸር ይግጠመን!